መውደድና መያዝ
(«ኒሞን ፍለጋ» ስለ ተባለው ፊልምና በመስተዋት ገንዳ ስለሚኖሩ የባሕር ዓሦች የቀረበ ሂስ)

ሰው ያማረ ነገር ባየ ጊዜ ሁለት ሐሳብ በልቡ ይነሣል። አንደኛው «እንዴት ያምራል!» የሚል ሲሆን ሁለተኛው «ምነው የእኔ በሆነ!» የሚል ነው። የመጀመሪያው ሐሳብ ንጹሕ ነው፤ ማንንም አይጎዳም። ሁለተኛው ግን ሲመጣ ገመድ ይዞ ይመጣል። ብዙ ሰው እነዚህን ሁለት ሐሳቦች ለይቶ አያውቃቸውም። አበባ ወደድሁ ብሎ ይቀጥፋል፤ ወፍ ወደድሁ ብሎ በሽቦ ቤት ይዘጋባታል፤ ልጄን ወደድሁ ብሎ ከደጅ እንዳይወጣ ይከለክለዋል። ከዚያ በኋላ አበባው ሲጠወልግ፥ ወፏ ዝም ስትል፥ ልጁም ሲኰበልል «ምን አጎደልሁባችሁ?» እያለ ያዝናል።

መውደድና መያዝ የተለያዩ መሆናቸውን እንድንመረምር የሚረዳን አንድ ፊልም አለ። ስሙ «ፋይንዲንግ ኒሞ» ሲሆን ትርጓሜው «ኒሞን ፍለጋ» ማለት ነው። ፒክሳር የሚባለው የአሜሪካ ድርጅት በ2003 ያወጣው የሥዕል ፊልም ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያለው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ነው።) አዘጋጁ አንድሩ ስታንተን ይባላል፤ ፊልሙም በ2004 ከሥዕል ፊልሞች መካከል ተመርጦ የኦስካርን ሽልማት አግኝቷል። ዛሬ ስልክ በእጁ የያዘ ወጣት ሁሉ በከሚሴም ይሁን በባቲ፥ በሰንበቴም ይሁን በአዲስ አበባ ተቀምጦ ሊያየው ይችላል። ሕፃናት ስለሚስቁበት ብቻ «የሕፃናት ነገር ነው» ተብሎ ሊናቅ አይገባውም። ተረት ለልጅ ይነገራል፤ ትርጉሙ ግን ለሽማግሌም ይተርፋል።

የታሪኩ ፍሬ ነገር እንዲህ ነው። ማርሊን የሚባል፥ ብርቱካንማ ገላው በነጭ መስመር የተከፋፈለ ትንሽ ዓሣ በአውስትራሊያ ባሕር ዳርቻ በኮራል ቋጥኝ መካከል ይኖራል። ሚስቱንና ዕንቁላሎቻቸውን ነጣቂ ዓሣ ጨረሰበት፤ ከተረፈው ከአንዱ ዕንቁላል ኒሞ ተፈለፈለ። የኒሞ አንደኛው ክንፍ ከሌላው ያነሰ ነበር። አባትየው ይህንንም እንዳያጣ ከመፍራቱ የተነሣ ልጁን ከዓይኑ አያርቀውም። ኒሞም ትምህርት ቤት በገባበት በመጀመሪያው ቀን አባቱ በጓደኞቹ ፊት ስላሳፈረው በእልኽ ወደ ጥልቁ ባሕር ዋኝቶ ወጣ፤ በዚያም አንድ ጠላቂ ያዘው። ጠላቂው በሲድኒ ከተማ የሚሠራ የጥርስ ሐኪም ነው። ኒሞን ወስዶ በሕክምና ክፍሉ ባለው የመስተዋት ገንዳ ውስጥ ጨመረው፤ ዳርላ ለምትባል ዘመዱ ለሆነች ልጅም የልደት ስጦታ ሊያደርገው አሰበ። አባትየው ዶሪ ከምትባል የነገሩትን ቶሎ ከምትረሳ ሰማያዊ ዓሣ ጋር ሆኖ ልጁን ፍለጋ ውቅያኖስ አቋረጠ። በገንዳው ውስጥ ደግሞ ጊል የሚባል ዓሣ የእስረኞቹ አለቃ ሆኖ የማምለጫ ብልሃት ያወጣ ነበር።

የፊልሙን ደግ ጎን አስቀድሞ መናገር ይገባል። ደራሲዎቹ ሁለት ያዦችን ጎን ለጎን አቁመው አሳይተውናል። አንዱ አባት ነው፤ ልጁን በፍርሃት አጥር ያጥራል። ሁለተኛው የጥርስ ሐኪሙ ነው፤ የሰውን ልጅ በመስተዋት ያጥራል። አጥራቸው የተለያየ ቢመስልም ሁለቱም «ለእርሱ ብዬ ነው» ይላሉ። በመጨረሻ ግን አባትየው ተማረ። ልጁን ካገኘው በኋላ ዶሪና ብዙ ዓሦች በአጥማጆች መረብ ተይዘው ሳለ፥ ኒሞ ገብቼ ላድናቸው ባለው ጊዜ፥ ልቡ እየተቃጠለ እሺ አለው። ይህ ቦታ የፊልሙ ልብ ነው። አባት ልጁን ለቀቀው፤ የለቀቀው ግን ሰልችቶት ወይም ተሸንፎ አልነበረም፤ ልጁ ምን ሊሠራ እንደሚሄድ ስላወቀና ስለታመነው ነው። ይህን ያህል ከባድ ትምህርት ይህን ያህል ቀላል አድርጎ ማሳየት ትልቅ ችሎታ ነው፤ ምስጋናም ይገባዋል።

ይሁን እንጂ ፊልሙ ሦስት ጉድለት አለበት። ጉድለቱንም መመርመር የሚጠቅመው ስሕተቱ የፊልም ሠሪዎቹ ብቻ ስላልሆነ ነው፤ የሁላችንም ነው።

የመጀመሪያው ጉድለት ስለ ጥፋተኛው ነው። ፊልሙ እንድንጠላት የሚያቀርብልን ዳርላን ነው። ጥርሷ በሽቦ የታሰረ፥ የምትጮህ፥ ገንዳውን የምትደበድብ፥ ቀደም ሲል የተሰጣትን ዓሣ በላስቲክ ከረጢት እያወዛወዘች የገደለች ልጅ ናት። የጥርስ ሐኪሙ ግን ትሑት፥ ሳቂታ፥ ማንንም የማይቈጣ ሰው ነው። ኒሞንም ከባሕር ሲያመጣው ለሕይወቱ ሲታገል አግኝቼ አዳንሁት እያለ ለሰው ይናገራል። አንባቢ ሆይ፥ በዚህ ቃል ላይ ጥቂት ቈም በል። ዓሣው በገዛ ቤቱ፥ በአባቱ ፊት ሲዋኝ ነበረ። ከአባቱ የነጠቀው ሰው ራሱን አዳኝ ብሎ ጠራ። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ አለመዋሸቱ ነው፤ ከልቡ አምኖ ነው የሚናገረው። ፊልሙ በዚህ ሰው ላይ አንዳች ፍርድ አይሰጥም። ታሪኩ ሲያልቅ እርሱ ምንም አልተማረም፤ ለምን ገንዳው ባዶ እንደ ሆነም አልገባውም። እኛ ተመልካቾችም ጩኸተኛዋን ሕፃን ጠልተን ጨዋውን ሰው ምሕረት አድርገንለት እንነሣለን። በዓለም ላይ ከሚደርሰው ጉዳት ግን ብዙው የሚመጣው ከሚጮኹት አይደለም፤ በለሰለሰ ድምፅ «አዳንሁት» ከሚሉት ነው።

ሁለተኛው ጉድለት ስለ ጊል ነው። ጊል ጥቁርና ነጭ ቢጫም ቀለም ያለው፥ የጀርባው ክንፍ እንደ ረዥም ጅራፍ ወደ ኋላ የሚወርድ ዓሣ ነው። እንግሊዞች «ሙሪሽ አይዶል» ይሉታል። ስዊድናዊው ሊቅ ሊኔየስ በ1758 የሳይንስ ስም አወጣለት። ርዝመቱ እስከ 23 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፤ በሕንድና በፓሲፊክ ውቅያኖስ ኮራል መካከል ይኖራል፤ በዛሬው ዘመን ከቤተ ሰቡ የቀረ ሌላ ዓይነት የለውም። በፊልሙ ውስጥ ይህ ዓሣ በትንሽ ገንዳ ውስጥ ኖሮ፥ ጠባሳ አውጥቶ፥ ጠንክሮ፥ ሌሎቹን ይመራል። እውነተኛው ታሪክ ግን ተቃራኒው ነው። ዓሣ በቤት የሚያኖሩ ሰዎች ሁሉ እንደሚመሰክሩት ሙሪሽ አይዶል በገንዳ ለመኖር እጅግ አስቸጋሪ ከሆኑት ዓሦች አንዱ ነው። በባሕር ውስጥ ከሚመገባቸው ነገሮች ዋናው በቋጥኝ ላይ የሚበቅለው ሕያው ሰፍነግ ነው። በገንዳ ሲገባ ብዙውን ጊዜ የሚሰጡትን ምግብ እንቢ ይላል፤ ቀን በቀን እየከሳ በረኃብ ይሞታል። ጥቂት ትጉሃን ሰዎች በትልቅ ገንዳ፥ በብዙ ድካምና ወጪ ለዓመታት አኑረውታል፤ ነገር ግን እነርሱ ራሳቸው ለሌላው ሰው «አትሞክረው» ብለው የሚመክሩ ናቸው። ኒሞን የመሰለው ትንሹ ዓሣ ግን በገንዳ በቀላሉ የሚለምድ፥ በሰው እጅ የሚራባ ነው። እንግዲህ ፊልሙ ደካማውን ብርቱ፥ የሚለምደውን ደግሞ ሟች አድርጎ ገልብጦ አሳየን ማለት ነው። ጊል ምግብ እንቢ ብሎ በገንዳው ጥግ ሲመነምን ብናይ ኖሮ በሳቃችን መካከል አንድ ጥያቄ ይነሣ ነበር፤ ይህን የሚያህል ውበት ሲሞት ማየት ከፈለግን የወደድነው ዓሣውን ነውን፥ ወይስ ራሳችንን ነው?

አባቶቻችን «ዓሣን መብላት በብልሃት» ይላሉ፤ እሾሁ ጉሮሮ ይወጋልና። ማኖሩ ደግሞ ከመብላቱ ይልቅ ብልሃት ይፈልጋል። የባሕር ውኃ በአንድ ሊትር ውስጥ ወደ 35 ግራም ጨው አለው፤ የቀይ ባሕር ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። እንግዲህ ለአንድ ባለ 500 ሊትር ገንዳ 17 ኪሎ ተኩል ጨው ያስፈልጋል፤ ውኃው ብቻ ግማሽ ቶን ይመዝናል። ጨውም ሁሉ አይሆንም። የአፋር ሰዎች በግመል ጭነው ወደ ባቲ ገበያ ሲያመጡት የኖሩት አሞሌ ከጥንታዊ ባሕር የቀረ ነው፤ የደናክል ረባዳ በጥንት ዘመን የቀይ ባሕር ውኃ ገብቶበት እንደ ነበረ በዳርቻው የደረቀው ኮራል ይመሰክራል። ነገር ግን ባሕሩ ሲደርቅ ጨዎቹ በየተራ ስለሚለያዩ አሞሌን በውኃ ቢበጠብጡት ባሕር አይሆንም። ባሕር የብዙ ነገር ድብልቅ ነው፤ ካልሲየም፥ ማግኒዚየምና ሌላም በልክ በልኩ ይፈልጋል።

ይህም ሁሉ ተሟልቶ ገና አላለቀም። ዓሣው በሚተነፍስበት ውኃ ውስጥ ቈሻሻውን ይጥላል፤ ከቈሻሻውም አሞንያ የሚባል መርዝ ይወጣል። በባሕር ይህ መርዝ በውኃው ብዛት ይጠፋል። በገንዳ ግን በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች አስቀድመው በማጣሪያው ላይ ሰፍረው አሞንያውን ወደ ናይትራይት፥ ናይትራይቱንም ጉዳቱ ወደሚያንሰው ወደ ናይትሬት እስኪለውጡት ድረስ ሳምንታት መጠበቅ ያስፈልጋል። የማይታገሥ ሰው ገንዳውን ዛሬ ገዝቶ ዓሣውን ዛሬ ቢጨምር በራሱ ቈሻሻ መርዞ ይገድለዋል። ከገንዳው ውኃው ሲተን ጨው አብሮት አይተንም፤ ስለዚህ በየቀኑ ንጹሕ ውኃ ካልጨመሩበት ጨዋማነቱ ከልክ ያልፋል። መብራት የጠፋ እንደ ሆነ ደግሞ ማጣሪያው ይቆማል፤ በውኃው ውስጥ ያለው አየርም ያልቃል። መብራት መጥቶ ሲሄድ ለለመድን ለእኛ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። «አያያዙን አይተው ጭብጦውን ቀሙት» የሚባለው ምሳሌ እዚህ ላይ ተገልብጦ ይሠራል፤ አያያዝ ለማያውቅ ሰው ሕይወትን በእጁ መስጠት አይገባም።

ስለ ትልልቆቹ ዓሦች ደግሞ አንድ ምሳሌ ልጨምር። ሩፔል የሚባል ጀርመናዊ ተመራማሪ በ1830ዎቹ መጀመሪያ በምጽዋ በኩል ወደ አገራችን ገብቶ እስከ ጎንደር ተጕዞ ነበር። ወደ አገሩ ተመልሶ የሐበሻን እንስሳት በሚመለከት መጽሐፍ ሲያሳትም የቀይ ባሕርን ዓሦችም ጨመረበት። በ1835 ከገለጻቸው ዓሦች አንዱ ዛሬ «ናፖሊዮን» የሚባለው ነው። ግንባሩ እንደ ቆብ ያበጠ፥ ከንፈሩ ወፍራም፥ ርዝመቱ ከ2 ሜትር የሚያልፍ፥ ክብደቱ ወደ 190 ኪሎ ሊደርስ የሚችል፥ ዕድሜውም ከ30 ዓመት በላይ የሚሄድ ፍጡር ነው። በሕፃንነቱ ግን ጣት የምታህል ያማረች ዓሣ ነው። ይህችን ጣት የምታህል ዓሣ አይቶ «ለገንዳዬ ትበቃለች» የሚል ሰው የዛሬውን ብቻ የሚያይ ነው፤ ያመጣው የጥጃ ያህል የሚያድግ እንግዳ መሆኑን አላሰበም። ይህ ዓሣ ከሁሉ ይልቅ የተጎዳው በሕይወቱ ለምግብ ቤቶች በመሸጡ ነው፤ ስለዚህ በ2004 ንግዱ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቍጥጥር ሥር ገባ። ለምግብም ይሁን ለጌጥ፥ ምክንያቱ አንድ ነው፤ ያማረውን ሁሉ ወደ እጅ ማስገባት።

ሌላም የተሸፈነ ነገር አለ። ፊልሙ ኒሞ የተያዘው በትንሽ መረብ፥ በአንድ ሰው እጅ እንደ ሆነ ያሳየናል። ከ1960ዎቹ ጀምሮ በፊሊፒንስ ብዙ አጥማጆች ለገንዳ የሚሸጡትን ዓሣ የሚይዙት ሳያናይድ የሚባለውን መርዝ በኮራሉ ስንጥቅ እየረጩ ነበር። ዓሣው ደንዝዞ ይወጣል፤ ብዙው በመንገድ ይሞታል፤ የተረፈውም የታመመ ነው፤ መርዙ የነካው ኮራልም ይሞታል። አጥማጁን ብቻ መውቀስ ቀላል ነው። እርሱ ልጆቹን የሚያበላ ድኻ ነው። ዋጋውን የከፈለው ግን በሩቅ አገር፥ በምቹ ወንበር ላይ ተቀምጦ «ዓሣ እወዳለሁ» የሚለው ሰው ነው።

ሦስተኛው ጉድለት ስለ ማምለጫው ነው። ጊል ለኒሞ ያስተማረው ነገር ቢኖር የፍሳሽ ቧንቧ ሁሉ ወደ ባሕር ይደርሳል የሚል ነው። ኒሞም በጥርስ ሐኪሙ ማስተፊያ ቧንቧ ገብቶ ባሕር ደረሰ። በእውነቱ የከተማ ፍሳሽ በማጣሪያ ስፍራ ውስጥ ስለሚያልፍ ትንሽ ዓሣ በሕይወት አይወጣም። የከሚሴ ልጅ ደግሞ ይህን ለመረዳት ሲድኒ ድረስ መሄድ አያስፈልገውም። ቦርከና ከደሴና ከኮምቦልቻ በኩል ወርዶ የጨፋን ረግረግ አጥጥቶ በከሚሴ አጠገብ ያልፋል፤ በመጨረሻም ከአዋሽ ይቀላቀላል። አዋሽም 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ፥ ወደ ባሕር ሲቃረብ፥ በጅቡቲ ድንበር በአቤ ሐይቅ ውስጥ ገብቶ ይቀራል፤ ሐይቁም መውጫ የለውም። ባሕር ያላየ ወንዝ አለ። «የትም ብገባ መጨረሻው ባሕር ነው» የሚል ወጣት ይህን ወንዝ ይመልከት። መንገድ ሁሉ ወደ ነጻነት አያደርስም፤ አንዳንዱ ጉድጓድ ውስጥ ያስቀራል።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። መጀመሪያው «ይህ ፊልም ራሱ ሰዎችን ዓሣ ገዢ አደረገ» የሚል ነው። ፊልሙ ከወጣ በኋላ በብዙ አገር ጋዜጣ እንዲህ ተብሎ ተጽፎ ነበር። ነገሩን በኋላ የመረመሩ ተመራማሪዎች ግን ለዚህ ክስ በቂ ማስረጃ አላገኙም፤ የዶሪ ታሪክ በ2016 በወጣ ጊዜም ሰዎች ስለ ዓሣው ማወቅ ፈለጉ እንጂ ግዢው እንደ ተወራው መጨመሩ አልታየም። ሐቀኛ ሂስ ተከሳሹን በሐሰት አይወነጅልም፤ ስለዚህ ይህን ክስ ትተነዋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል። «መያዝ ሁሉ ክፉ ከሆነ፥ በአራዊት መጠበቂያ የሚኖሩትስ?» ይባላል። አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ ላይ በ1948 የተቋቋመውን የአንበሳ ግቢ አስቡ። በ2012 በወጣ ጥናት የ15 አንበሶች ዘር ተመርምሮ ከሌሎች አገሮች አንበሶች የተለየ ሆኖ ተገኘ። እነዚያ አንበሶች በግቢ ባይጠበቁና ባይራቡ ኖሮ ያ ዘር ሳይታወቅ ሊጠፋ ይችል ነበር። እንግዲህ መያዝ ሁሉ አንድ አይደለም። መለያው ሦስት ጥያቄ ነው። የተያዘው ፍጡር ይበላልን? ይራባልን? የተያዘውስ ለማን ጥቅም ነው? አንበሳው ይበላል፤ ይራባል፤ ስለ ዘሩም ይጠበቃል ሊባል ይችላል፤ ምንም እንኳ በጠባብ ቤት መኖሩ የሚያሳዝን ቢሆን። ሙሪሽ አይዶል ግን አይበላም፤ በገንዳም ለገበያ የሚበቃ ልጅ አይወልድም፤ የተያዘውም ለእንግዳ ዓይን ነው። በሦስቱም ጥያቄ ወደቀ። ከባሕር የሚወጣው እያንዳንዱ ዓሣ ምትክ የለውም ማለት ነው።

አሁን ከዓሣው ወደ ሰው እንመለስ፤ የግብረ ገብ ትምህርት ሁሉ መጨረሻው ሰው ነውና።

በእኛ አገር፥ በተለይም በከሚሴና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች፥ ባሕር በተረት ብቻ የሚታወቅ ነገር አይደለም። ኢትዮጵያ ከ1993 ጀምሮ የባሕር በር የላትም፤ ልጆቿ ግን ባሕሩን ማቋረጥ አላቆሙም። ከወሎ ተነሥተው በረሃውን በእግር አቋርጠው፥ በጅቡቲ ከኦቦክ፥ ወይም በሶማልያ ከቦሳሶ በጀልባ ተጭነው ወደ የመን፥ ከዚያም ወደ ሳውዲ ዐረብያ የሚሄዱ ወጣቶች ብዙ ናቸው። በመንገድ የቀሩትም ብዙ ናቸው። ከኅዳር 2013 ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ከሳውዲ ዐረብያ ተመለሱ። ስለዚህ የማርሊን ፍርሃት በከሚሴ ላለች እናት የሚያስቅ ነገር አይደለም። በየማታው ዱአ የምታደርግለት ልጅ አላት።

በዚያ አገር በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ አንዲት የእኛ ልጅ እናስብ። ሳሎኑ ውስጥ ትልቅ የመስተዋት ገንዳ አለ እንበል፤ በገንዳው ውስጥም ከቀይ ባሕር የመጣ ያማረ ዓሣ ይዞራል። መስተዋቱን የምትወለውለው እርሷ ናት፤ ከባሕሩም ሆነ ከዓሣው ይልቅ ለመስተዋቱ ትቀርባለች። አሠሪዋ ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል። ፓስፖርቷን በመሳቢያው ቈልፎበት ሳለ «ከድኽነት አወጣኋት፤ አዳንኋት» ብሎ ለእንግዳ ሊናገር ይችላል። የጥርስ ሐኪሙን ቃል ታስታውሳላችሁን? ከልቡ የሚናገር ሰው ሁሉ እውነት የሚናገር አይደለም። ሰውን አዳንሁ ለማለት የሚበቃው ያ ሰው በሩን ከፍቶ ሲፈልግ ሊወጣ የሚችል እንደ ሆነ ብቻ ነው። ቍልፉ በአዳኙ ኪስ እስካለ ድረስ ማዳን አልተፈጸመም።

ነገር ግን «ልጅን መልቀቅ» የሚለውን የፊልሙን ትምህርት ደግሞ በግምት መውሰድ አይገባንም። ደላላ መጥቶ «ልጅህን ልቀቀው፤ ዓለምን ይይ» ቢል ይህ የማርሊን ትምህርት አይደለም። ማርሊን ልጁን የለቀቀው ወደ ማያውቀው ጨለማ አይደለም፤ ምን እንደሚሠራ አውቆ፥ ከጎኑ ቆሞ ነው። ከዚያ አስቀድሞም ልጁ ሲጠፋበት ቤቱ ተቀምጦ አላለቀሰም፤ ፈልጎ ሄደ። በጕዞውም ያላወቀውን ባሕር ዐወቀ። መውደድ እንግዲህ ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ የወደዱትን ነገር ማወቅና የወደዱት ነገር በገዛ ሕይወቱ እንዲኖር መፍቀድ። አባት ልጁ ምን እንደሚያስብ ሳይጠይቅ «አትሄድም» ቢል ከልሎታል፤ ሳይመክረው «ሂድ» ቢል ጥሎታል። ሁለቱም ከማወቅ የጎደሉ ናቸው። ልጅም ቢሆን በእልኽ ብቻ ወደ ጥልቁ የሚዋኝ ከሆነ ከአባቱ አጥር ወጥቶ በሌላ ሰው ገንዳ ውስጥ ይወድቃል። ኒሞ የተያዘው እንዲሁ ነበር።

ስለ ፊልሙ ያለን ፍርድ ይህ ነው። ስለ አባትና ልጅ የሚናገረው ክፍል እውነተኛ ነው፤ ደጋግሞ ማየት ይጠቅማል። ስለ ያዡ የሚናገረው ክፍል ግን ጎዶሎ ነው፤ ጨዋውን ሰው ሳይጠይቅ አሳልፎታል። የመጨረሻው ትዕይንት ይህን ጉድለት ሳያስበው ይመሰክርበታል። የገንዳው ዓሦች በየላስቲክ ከረጢታቸው ተንከባልለው ወደ ባሕሩ ደረሱ፤ በባሕሩ ላይም ተንሳፈፉ፤ ከረጢቱን ግን ከውስጥ ሊከፍቱት አልቻሉም። ተመልካቹ ይስቃል። ሳቁ ካለፈ በኋላ ግን አንድ ነገር ያስተውል፤ ነጻነት ያለ ከፋች እጅ ጎዶሎ ነው፤ ያሰረው ሰው ሳይጸጸት የታሰረው በብልሃቱ ብቻ ቢያመልጥ ነገሩ ገና አላለቀም።

እናንተ ወጣቶች ሆይ፥ የሩቁን ባሕር ዓሣ የመውደድ ፍላጎት ካደረባችሁ በፊልም እዩት፥ በመጽሐፍ አንብቡት፥ ስሙን አጥኑት፤ አትጎዱትም። በእጃችሁ ሊነካ የሚችለውን መውደድ ከፈለጋችሁ ደግሞ የጨፋ ረግረግ አለላችሁ። በበጋ የአፋርና የኦሮሞ ከብት አርቢዎች ከየአቅጣጫው እየመጡ ከብቶቻቸውን የሚያሰማሩበት፥ የውኃ ወፎችም የሚሰፍሩበት ስፍራ ነው። ውኃው እየተጠለፈ፥ መሬቱም እየታረሰ እየጠበበ መምጣቱን ሽማግሌዎቻችሁ ይነግሯችኋል። አባ እገሌ ጠዋት በዚያ ሲያልፉ ድሮ ምን ያህል ወፍ እንደ ነበረ ጠይቋቸው፤ እናንተም የቀረውን ቁጠሩና ጻፉት። ይህ ገንዳ መስተዋት የለውም፤ ማጣሪያው ሣሩ ነው፤ መብራት ቢጠፋ አይሞትም። የሚሞተው ሰው ሲረሳው ብቻ ነው።

ያማረ ነገር ባያችሁ ጊዜም «የእኔ ቢሆን» ከማለታችሁ አስቀድሞ «እኔ ዘንድ ቢመጣ ምን ይበላል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን የማታውቁ ከሆነ ባለበት ተዉት።